ውባንቺ የሰፋችው ካሊጋ

ውባንቺ ሲያትል አጠገብ ቱክዊላ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ትሠራለች። ሥራዋ ሰው ገዝቶ፣ ለክቶ፣ አልወደድኩትም ብሎ የመለሰውን ጫማ መመርመር ነው። ጫማው በጥቁር ተንሸራታች ቀበቶ ላይ ይመጣል፤ እሷ አንስታ ሶሉን ትገለብጣለች፣ ውስጡን በጣቷ ትዳብሳለች፣ አንዴ ታሸተዋለች። ደጅ የተወጣበት ከሆነ ወደ ግራ፣ ምንጣፍ ላይ ብቻ የተረገጠ ከሆነ ወደ ቀኝ ትጥለዋለች። ሌሎቹ ሠራተኞች ባትሪ እያበሩ ሲመረምሩ እሷ ጨርሳ ሌላ ታነሣለች።

"አንቺ ሴትዮ፣ አፍንጫሽ ምንድን ነው?" ይሏታል።

"ድህነት ነው ያሠለጠነው" ትላለች፤ ይስቃሉ።

ከዚያ በላይ ስለ ራሷ አትናገርም። የት አገር ነሽ ላላት፣ "ጅሩ፤ አባቴ ገበሬ ነበር" ትልና ወሬውን ወደ አየሩ ትመልሰዋለች። ሲያትል ደግሞ ስለ ዝናብ ለሚያወራ ሰው ወሬ አያልቅበትም።

አባቷ ግን ገበሬ አልነበረም። ቆዳ ፋቂ ነበር። የተወለደችው ከአፋፉ በታች፣ ከወንዙ ዳር፣ ሽታቸው ወደ ላይ እንዳይወጣ ተብሎ ከሠፈሩ ከተለዩት ሦስት ጎጆዎች በአንዷ ውስጥ ነው። የበሬው ምራን፣ የአልጋው ጠፍር፣ የእህሉ አቆማዳ፣ የእረኛው ጅራፍ፣ የአገሩ ቆዳ ሁሉ ከአባቷ እጅ ይወጣ ነበር። ቢሆንም ከማንም ደጃፍ አልፎ ገብቶ አያውቅም። ድግስ ሲኖር ጠላውን ከአጥር ውጭ፣ በተሰበረ ቅል ይቀዱለታል፤ ሲጨርስ ቅሉን ይጥሉታል። ሕፃን ከታመመ ደግሞ ዓይኑ ነው ይሉና በር በሩን ይጠብቁታል። ቡዳ ነዋ! አንድ ጊዜ እንዲያውም የባላባቱ ልጅ ሆዷን ሲያማት አባቷን ጎትተው ወስደው "ትፋባት" ብለው እስኪደማ ደበደቡት። ውባንቺ ያን ቀን ከቅጥሩ ውጭ ቆማ ድምፁን ሰምታለች።

ልጅነቷን ሳትጨርስ አንድ እህል ጫኝ መኪና ላይ ተንጠልጥላ አዲስ አበባ ገባች። ሰው ቤት ተቀጠረች። ጅሩን የመረጠችው የመጀመሪያዋ አሠሪዋ "ስንዴው የሚያምርበት አገር" ስትል ስለሰማች ነው። ከዚያ ወዲያ ቆዳ አልነካችም። ሹፌሩ መንግሥቴ ሲያገባትም ጅሩ አለችው፣ ጅሩ ብሎ አመነ። መንግሥቴ የመንዝ ሰው ነው፣ ወገኑ የታወቀ። ዲቪ ደርሶት ሚስቱንና ትንሿን ልጁን ሠርካለምን ይዞ ሲያትል መጣ፤ ታክሲ ነዳ፤ ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ መሪው ላይ ደፋ ብሎ ሞተ። እውነቱን ሳያውቅ ሞተ። ውባንቺ በልቅሶው መሐል ይህን አስባ እፎይ ብላለች፤ ስላለችም አፍራለች።

ሠርካለም አደገች። ጥርስ ሐኪም ቤት ትሠራለች፤ ሳቋ ቤት ይሞላል፤ አማርኛዋ ግማሽ ግማሽ ነው። መልከጸዴቅን የምትወደው ልብ በሚያስደነግጥ አወዳደድ ነበር። ስልኳ ላይ ስሙ ሲመጣ ፊቷ እንደ ሕፃን ፊት ይሆን ነበር። መልከጸዴቅ ካፒቶል ሂል ካለ ሆቴል አስተዳዳሪ ነው፤ ረጅም፣ ትሑት፣ እናቱን የሚፈራ። እናቱ ሣህሊቱ ሬኒየር ቫሊ ውስጥ የበርበሬና የጤፍ ሱቅ ያላት፣ በማኅበሩም በሰንበቴውም ቀድማ የምትቀመጥ ሴት ናት። ሽማግሌ ተልኮ፣ "ልጃችሁን ለልጃችን" ተብሎ፣ ዘር ተቆጥሮ፣ ጅሩና መንዝ መልካም ተብሎ ሠርጉ ለግንቦት ተቆረጠ። ሣህሊቱ የዚያን ዕለት ውባንቺን አጉርሳታለች፤ ከእጇም ጎርሳለች።

"እንግዲህ ወይዘሮ ውባንቺ፣ አንድ ቤት ሆንን" አለቻት፣ ጣቷን እየላሰች።

ውባንቺ የፈለገችው ይቺን ብቻ ነበር። ልጇ ከአፋፉ በላይ ካለ ቤት ትግባላት። ሌላ አልለመነችም።

በዚያው ዐቢይ ጾም የሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች ለዳግማይ ትንሣኤ የስቅለት ድራማ ያዘጋጁ ነበር። አዘጋጁ አብዮት የሚባል ቀልደኛ ሰው ነው። መልከጸዴቅን በቁመቱ መርጦ መቶ አለቃ አደረገው። ልብሱ በኦርደር መጣ፤ ቀዩ ካባ፣ የፕላስቲክ ጥሩር፣ የፕላስቲክ ራስ ቁር። ጫማው ግን እንደ ወረቀት ተቀደደ።

"በዚህ ነጠላ ጫማ ጌታን ልትሰቅሉ ነው?" አለ አብዮት፣ ቅዳጁን አንጠልጥሎ። "ስሙ፣ የሮማ ወታደር ጫማ ካሊጋ ነው የሚባለው፣ በላቲን። ከአንድ ወፍራም ቆዳ ተቆርጦ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት በጠፍር ታስሮ፣ ከሥሩ ሚስማር የተመታበት። ሲመጡ ከሩቅ ድምፁ ይሰማል፤ ያንን ድምፅ ነው የምፈልገው። አንዱ ንጉሥ ልጅ ሳለ እሷኑ በትንሹ አሰፍተው ቢያጫሙት ወታደሮቹ ‘ትንሿ ካሊጋ’ ብለው ስም አወጡለት፤ አድጎ ሰው ፈጀ። እንግዲህ መልኬ፣ አንተም ካደረግካት በኋላ እንዳትፈጀን።"

ከገበያም አንድ ጎን ሙሉ ቆዳ ገዝቶ አምጥቶ ነበር። ቆዳው የቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ተጋደመ። አንዱ በመቀስ ሞከረ፣ መቀሱ ተጣመመ። ሌላው በሙጫ እናጣብቀው አለ። ውባንቺ ከሠርካለም ጋር ወደ ቤት ልትመለስ መጥታ በሩ ላይ ቆማ ነበር። የቆዳው ሽታ አፍንጫዋ ገባ። መልከጸዴቅ በተቀደደው ጫማ የተላጠ ተረከዙን እያሸ ተቀምጧል።

"እስቲ ለኔ ስጡኝ" አለች። "ከጫማ ጋር አይደል የምውለው።"

ቤቷ ወስዳ፣ መጋረጃውን ዘግታ ሠራችው። ወስፌ ከመሣሪያ ሱቅ ገዛች። ቆዳውን ስታርሰው፣ ስታሸው፣ በጉልበቷ ላይ ስታለፋው እጇ ሳትጠይቀው ያስታውስ ጀመር። አናታቸው ድቡልቡል የሆኑ አጫጭር ሚስማሮች ሶሉ ላይ በመደዳ መታች። ስትጨርስ መሬት ላይ አስቀምጣ አየችው። ያማረ ነገር ነበር። አባቷ ቢያየው ኖሮ አንድ ቃል ሳይናገር ገልብጦ ያየውና ይመልስላት ነበር፤ እንዲያ ካደረገ ወዷል ማለት ነው።

መልከጸዴቅ ሲያደርገው ልክ ሆነ። በሲሚንቶው ላይ ሲራመድ ድምፁ ምድር ቤቱን ሞላው። አብዮት አጨበጨበ።

"እማማ ውባንቺ፣ ጲላጦስ ቢያይዎት ይቀጥርዎት ነበር!"

እዚህ ላይ ቢቆም ምንም አልነበረም። መጋዘን ያስተማራት ነው ብለው ረስተውት ነበር።

በመጨረሻው ልምምድ ቀን ግን መልከጸዴቅ በሩጫ ከመድረኩ ሲዘል የግራው ጠፍር ተበጠሰ። ሁሉም ተንጫጫ። አብዮት ፀጉሩን ያዘ። ሠርካለም፣ "እማዬ፣ ፊክስ አድርጊው፣ ፕሊስ" አለቻት፣ እጇን እየሳበች። ውባንቺ ከትርፍራፊው ቆዳ ክብ ቁራጭ አነሣች። ጠረጴዛው ላይ ለመቁረጥ ሞከረች፤ ቆዳው ሸሻት። ልጆቹ "ቶሎ፣ ቶሎ" ይላሉ። ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። የቀኝ ጫማዋን አወለቀች። የቆዳውን ጫፍ በአውራ ጣቷና በሁለተኛው ጣቷ መሐል ቆነጠጠች፣ ሌላውን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ በምራቋ አራሰች፣ ቢላዋውን ወደ ሆዷ እየሳበች ክቡን ቁራጭ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ዙሪያውን ትልጠው ጀመር። ረጅም፣ ወጥ፣ የትም ያልሳሳ ጠፍር ከእጇ ይወርዳል። ልጆቹ "ዋው" እያሉ ከበቧት።

ቀና ስትል ሣህሊቱ በሩ ላይ ቆማ ታያታለች። በእጇ የምግብ ትሪ ይዛለች። ፊቷ ላይ ፈገግታ ነበር፤ ዓይኗ ግን ከውባንቺ የእግር ጣት አልተነሣም።

"እጅዎ ይባረክ፣ ወይዘሮ ውባንቺ" አለች። "የት ተማሩት ይህን?"

ውባንቺ ጠፍሩን ከጥርሷ አላቀቀች። "መጋዘን ነው። ሥራችን አይደል።"

"መጋዘኑ በእግር ጣት ነው የሚያሠራችሁ?"

ሰው ሳቀ። ውባንቺም አብራ ልትስቅ ሞከረች።

ሣህሊቱ ትሪውን አስቀመጠች። "እኔ ልጅ ሆኜ፣ አባቴ ለበሬዎቹ ምራን ሲያሠራ ቆሜ አይ ነበር። ሰውዬው ከአጥሩ ውጭ ነው የሚቀመጠው። ልክ እንዲህ፣ በአውራ ጣቱ ቆንጥጦ፣ በጥርሱ ነክሶ፣ ቢላዋውን ወደ ሆዱ እየሳበ። እናቴ ‘ዓይን ዓይኑን አትዪው’ ትለኝ ነበር። ገበሬ እንዲህ ሲቆርጥ አላየሁም፤ ጅሩም፣ መንዝም፣ የትም።" ጎንበስ አለች። "የማን ልጅ ነሽ አንቺ?"

እስከዚያች ቅጽበት እርስዎ ስትላት ነበር።

ውባንቺ አፏ ውስጥ የቆዳው ጣዕም ነበር። ባዶ እግሯን ወደ ጫማዋ መለሰች። በዕድሜ የገፉት ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዷ የልጅ ልጇን ጎትታ በነጠላዋ ፊቱን ሸፈነችው።

"መልኬ፣ አውልቅ" አለች ሣህሊቱ።

"እማ፣ ካም ኦን፣ ፕራክቲስ ላይ ነን።"

"አውልቅ ብያለሁ!"

መልከጸዴቅ ሠርካለምን አየ፣ እናቱን አየ፣ ተቀምጦ ፈታው። ሣህሊቱ ካሊጋዎቹን በሶፍት ጫፍ ጫፋቸውን ይዛ ከሙዝ ልጣጩና ከወረቀት ሳህኑ ጋር ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ከተተቻቸው። ሚስማሮቹ ከታች ቋ አሉ።

"ወይዘሮ ሣህሊቱ፣ ነገ እኮ ነው ድራማው!" አለ አብዮት። "መቶ አለቃዬ በምን ይሂድ?"

"በእግሩ ይሂድ። ጌታችንም በእግሩ ነው የሄደው።" ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞራ፣ ድምፅዋን ዝቅ እንኳ ሳታደርግ፣ "ከእጇ ጎርሼአለሁ እኮ፣ እናንተ! ለካ ያን ሰሞን የቆረጠኝ ሆዴ ከዚያ ነው። ዘር ከልጓም ይስባል፤ አሜሪካ ብትመጪስ?" አለች።

ውባንቺ ለተዋንያኑ የጋገረችውን ድፎ ዳቦ ማንም አልቆረሰውም። ሙሉውን እንደተሸፈነ ይዛው ወጣች።

ሠርካለም መኪናውን ቤታቸው ፊት ለፊት ፓርክ አድርጋ ሞተሩን ሳታጠፋ ተቀመጠች።

"እማዬ፣ ሴቶቹ ሲሉ የሰማሁት፣ ፋቂ ምንድን ነው?"

ውባንቺ ነገረቻት። ስለ ወንዙ ዳር፣ ስለ ቅሉ፣ ስለ አባቷ። በሕይወቷ ለማንም ያልነገረችውን ለልጇ ስትነግር ደረቷ ቀለል ሲላት ተሰማት፤ እጇን ዘርግታ የልጇን ጉልበት ያዘች።

ሠርካለም ሳቀች። "ዛትስ ኢት? ቆዳ? ቆዳ ስለሠራ?"

"ቆዳ ስለሠራ።"

"ዚስ ኢዝ ክሬዚ። መልኬ እንደዚህ አያስብም። ኮል አደርግለታለሁ።" ደወለች። አልተነሣም። እንደገና ደወለች። ከዚያ መልእክት መጣላት፤ አነበበችው፤ ሳቋ ከፊቷ ወረደ። ስልኩን ጭኗ ላይ ገለበጠችው።

"እናቴ ካልፈቀደች አልችልም ይላል። ‘ጊቭ ሚ ታይም’ ይላል።" ከዚያ ጉልበቷን ከእናቷ እጅ ሥር ቀስ አድርጋ አወጣች። "ሶ፣ ለምን ነካሽው?"

"ምኑን ልጄ?"

"ቆዳውን! ይህን ሁሉ ዓመት ደብቀሽ፣ አንድ ቀን እጅሽን መሰብሰብ አቃተሽ? ጫማሽን አውልቀሽ፣ በአፍሽ! ሰው ሁሉ ፊት!"

"አንቺ እኮ ነሽ አስተካክዪው ያልሽኝ።"

"እኔ አላውቅም ነበር! አንቺ ታውቂያለሽ!"

ይህ እውነት ነበር። ሠርካለም መሪው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ያለቀሰችው እንደ አባቷ ደፋ ብላ ስለ ነበር ውባንቺ ደንግጣ ትከሻዋን ነቀነቀቻት። ልጅቷ ቀና አለች፤ ዓይኗ ደርቋል፤ ሐሳብ መጥቶላታል።

"የአባዬ ዘር ችግር የለበትም፣ ኦኬ? ችግሩ አንቺ ነሽ። ሶ፣ እናቴ ካልሆንሽ ችግር የለም። የእንጀራ እናቴ ነሽ እንላለን። እናቴ ስወለድ ሞተች። ስሟ... ወይንሸት። ሲምፕል ነው።"

"ልጄ..."

"ሰው ፊት ብቻ ነው! ቤት ውስጥ ያው እማዬ ነሽ። ዋትስ ዘ ዲፈረንስ?"

ውባንቺ በመስኮቱ ውጭውን አየች። ነፍሷን ቢጠይቋት እንደምትሰጥ ሁሉ፣ "እሺ" አለች።

በማግስቱ ድራማው ታየ። ውባንቺ አልሄደችም፤ ሰው ነው የነገራት። መቶ አለቃው በነጭ የቅርጫት ኳስ ጫማ ወጣ፤ ሰው ከስቅለቱ መሐል ሳቀ።

ሽማግሌዎቹ ሣህሊቱ ቤት ተሰበሰቡ። አንጋፋው አቶ ተክለ ጻድቅ ናቸው፤ ብዙ ቤት ያስታረቁ፣ ብዙ ቤት ያፈረሱ፣ ድምፃቸው ለስላሳ። ሁለት ሌሎች ሰዎች ከጎናቸው ተቀምጠዋል። መልከጸዴቅ ከእናቱ አጠገብ ሆኖ ስልኩን ያያል። ለውባንቺ ከበሩ አጠገብ ወንበር ሰጧት። ለሁሉም ለስላሳ በብርጭቆ ሲቀርብ ለእሷ በወረቀት ኩባያ መጣ።

"ወይዘሮ ውባንቺ" አሉ ተክለ ጻድቅ። "ልጅቱ ከእርስዎ ማኅፀን አልወጣሁም ብላናለች። አባቷን መንግሥቴን እናውቃለን፤ ሰው ነበር። እናቷ በወሊድ ሞታ፣ እርስዎ ነዎት አሉ ያሳደጓት። እውነት ነው?"

"እውነት ነው።"

"የሟቿ ስም?"

"ወይንሸት።"

በአውቶቡስ ስትሄድ፣ መጋዘን ጫማ ስትገለብጥ፣ ስትተኛ ስትለማመደው ስለ ነበር ቃሉ ሳይደናቀፍ ወጣ። ሠርካለም ትንፋሿን ለቀቀች።

"ይኸው" አሉ ሽማግሌው፣ እጃቸውን ዘርግተው። "ወይዘሮ ሣህሊቱ፣ ነገሩ ቀሊል ሆነ እኮ።"

ሣህሊቱ ግን እግሯን አጣምራ ተቀምጣ ነበር። "እንዲህማ ማንም ይላል። ትማል።"

"እኔ ልሙት፣ አልወለድኳትም" አለች ውባንቺ፤ ፈጥና፣ እንደ ስጦታ።

ሣህሊቱ ሳቀች። "የአንቺ ነፍስ ለአንቺስ ምን ትከብድሻለች? በራሷ መማል ለእንዳንቺ ያለችው ጨዋታ ነው። ሠርካለም ትሙት በይ።"

ውባንቺ የወረቀት ኩባያውን ወለሉ ላይ አስቀመጠች።

"ምን አስቸገረሽ? ካልወለድሻት የሰው ልጅ ናት። በሰው ልጅ መማል ይከብዳል እንዴ? ‘ሠርካለም ትሙት፣ አልወለድኳትም’። ይቺው ናት።"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ፈገግ ብሎ ወደ ጎረቤቱ አዘነበለ። "ሰሎሞንም ከዚህ አልበለጠ" ሲል ውባንቺ ሰማችው።

ውባንቺ ስለ መሐላ የምታውቀውን ታውቃለች። በወንዙ ዳር አንዲት ሴት ስለ ጠፋ ጥጃ በልጇ ምላ ዋሸች፤ ልጁ ክረምቱን አልተሻገረም። መሐላ ሰሚ አለው፤ የሚሰማው ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ሠርካለምን አየቻት። ፀጉሯን በአዲስ መልክ ተሠርታ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ሁለት እጇን ጭኗ መሐል ቀብራ ተቀምጣለች።

"እማ... እትዬ" አለች ሠርካለም። "ጀስት ሰይ ኢት። ቃል ብቻ እኮ ነው።"

በዚያ ክፍል ውስጥ ጆሮ የሌለው ሰው አልነበረም። ሁሉም ግን እንዳልሰማ ሰው ግድግዳ ግድግዳውን አየ።

ውባንቺ ተነሥታ ቆመች። ወንበሩን በአንድ እጇ ያዘች።

"ሠርካለም..." አለች።

"እ!" አለች ሣህሊቱ።

"ሠርካለም..." ምላሷን ገፋችው። ቃሉ ከጉሮሮዋ ደርሶ ተመለሰ። እንደገና ገፋችው። የወጣው ሌላ ሆነ። "ሠርካለም ትኑርልኝ" አለች።

ሣህሊቱ ጭኗን መታች። "ሰማችሁ? የፋቂ ማኅፀን እንዲህ ነው የሚጮኸው! ተነሡ፣ አልቋል።"

"አላለቀም!" ሠርካለም ብድግ አለች። ፊቷ ቀልቶ፣ ድምፅዋ ተሰባብሮ። "እኔ እምላለሁ። እኔ መማል እችላለሁ፣ ራይት?"

"ትችያለሽ ልጄ" አሉ ተክለ ጻድቅ። "በማን ትምያለሽ?"

ልጅቷ ቀኝ እጇን አነሣች፤ ፍርድ ቤት እንዳሉ ሰዎች።

"ውባንቺ ትሙት፣ እናቴ አይደለችም።"

የእናቷን ስም ያለ ምንም ቅጽል ስትጠራው ያ የመጀመሪያዋ ነበር።

"አልሰማሁም" አለች ሣህሊቱ። "ጮክ በይ። ወደ እሷ ዞረሽ።"

ሠርካለም ዞረች። እናቷን አየቻት፤ ከግንባሯ በላይ፣ ፀጉሯን አየቻት። "ውባንቺ ትሙት!" ብላ ጮኸች። "አልወለደችኝም!"

መልከጸዴቅ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ተክለ ጻድቅ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ተማለ። ልጅ ለቤቷ ማለች፤ ከዚህ በኋላ የሚጠይቅ ሰው በደለኛ ነው።" ሣህሊቱ ቀስ ብላ ተነሥታ ሠርካለምን አቅፋ ሦስት ጊዜ ሳመቻት። "ልጄ" አለቻት። ከዚያ በትከሻዋ በኩል፣ "አንቺ ሴትዮ፣ የሰው ልጅ አሳድገሻል፤ እግዜር ዋጋሽን ይክፈልሽ። ለሠርጉ ብትመጪ አንከለክልሽም። ማድ ቤት ግን አትግቢ" አለች።

"እሺ" አለች ውባንቺ። ሽማግሌዎቹ ሲመርቁም ከሌሎቹ ጋር አሜን አለች።

ወደ ቤቷ በአውቶቡስ ስትመለስ የተሰማት ኀዘን ብቻ አልነበረም። ሰው ቢሰማት አበደች ይላል ብላ ለማንም አልተናገረችውም እንጂ እፎይታም ነበረበት። መሐላው ተምሏል፤ ውሸት ነው፤ ሰሚው ሰምቷል። ግን የወደቀው በእሷ ላይ ነው። ልጅቷ ንጹሕ ናት።

ሠርጉ በግንቦት ሆነ። አዳራሹ ውስጥ ከመጋዘን ሥራ ባልደረቦቿና ማንም ከማያውቃቸው እንግዶች ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጧት። የእናት ቦታ ላይ የመንግሥቴ እህት ከዳላስ መጥታ ተቀመጠች፤ ስለ ወይንሸት ሲነግሯት ጥቂት ግራ ተጋብታ፣ በኋላ ግን፣ "ነፍሷን ይማር፣ ደግ ነበረች" ማለት ጀመረች። ሙሽሮቹ በየጠረጴዛው እየዞሩ ሲያመሰግኑ ሠርካለም እነውባንቺ ጋ ደረሰች።

"ስለመጣችሁ ቴንክዩ" አለች። "እትዬ፣ በልተሻል?"

"በልቻለሁ፤ አምሮብሻል" አለች ውባንቺ። ምንም አልበላችም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሥራ ላይ ደረቷን ወጋ ሲያደርጋት ቀበቶውን ይዛ ትቆማለች፤ አትደነግጥም። እሷን ካገኘ ልጅቷን አያገኝም ብላ ታስባለች። ያልፍላታል፤ ጫማ ታነሣለች።

ሠርካለም ቃሏን ጠብቃ ነበር። ከካፒቶል ሂል፣ መልከጸዴቅ ሥራ ሲሄድ ኮል እያደረገች፣ "እማዬ፣ እንዴት ነሽ?" ትላት ነበር፣ በሹክሹክታ። አማቷ አጠገቧ ካለች ደግሞ "እትዬ" ትላታለች፤ ውባንቺ በአጠራሯ ብቻ ማን እዚያ እንዳለ ታውቃለች፣ ወሬዋንም በዚያው ልክ ታሳጥራለች። የሲያትል ብርድ ሲገባ ሠርካለም አርግዛ ነበር። ለቀናት ዝም ካለች በኋላ አንድ ከሰዓት ደወለች።

"ደህና ነሽ ልጄ? ሆድሽስ?"

"ደህና ነኝ፣ እትዬ። ትንሽ ብቻ ያስታውከኛል።"

ውባንቺ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ማን አለ አጠገብሽ?"

"ማንም የለም" አለች ሠርካለም። "ብቻዬን ነኝ። ምነው?"

"እንዲያው ነው" አለች ውባንቺ።